ስለ ክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የውክልና ሥልጣን፤ አጭር ትችት

የፍርድ ቤት ሥልጣን ነገር ደረቅ ትምህርት ነው እየተባለ ይታማል። ተማሪ ፈተናውን እስኪያልፍ ያጠናዋል፤ ጠበቃ የክስ ማመልከቻ ሲጽፍ በአንድ መስመር ይጠቅሰዋል፤ ባለጉዳይ ግን ስሙንም አያውቀውም። ባለጉዳይ የሚያውቀው የሚሄድበትን መንገድ ርዝመት ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ይኸንኑ መንገድ ነው። በአገራችን የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው የየክልላቸው የራሱ ዳኝነት ነው፤ ሁለተኛው ከፌዴራሉ መንግሥት በውክልና የመጣላቸው ዳኝነት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ የምለው የለኝም። ትችቴ በሁለተኛው ላይ፣ ያውም ከሁለተኛው ውስጥ በአንድ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም የተለያዩ ክልሎች ነዋሪዎች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ነገሩ የፌዴራል ጉዳይ ነው በሚለው ደንብ ላይ ነው።

አስቀድሜ ሥርዓቱን ላስረዳ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 የፌዴራሉ የበላይ የዳኝነት ሥልጣን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትንና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን በመላው አገር ወይም በአንዳንድ ክፍሎች ብቻ ሊያቋቁም እንደሚችል ይናገራል። በዚህ ዓይነት ካልተቋቋሙስ? ያን ጊዜ ሥልጣናቸው ለክልል ፍርድ ቤቶች ይሰጣል። አንቀጽ 80 ደግሞ አከፋፈሉን ያሳያል፤ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቦታ፣ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቦታ ሆነው ይሠራሉ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። የወረዳ ፍርድ ቤት በዚህ ውክልና ውስጥ የለበትም። ስለዚህ ነገሩ ፌዴራል ከተባለ፣ ገንዘቡ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን፣ ደጁ የሚከፈተው በዞኑ ከተማ ነው።

ንባቡን ብቻ ለተመለከተ ሰው ውክልናው ጊዜያዊ ይመስለዋል፤ «ካልተቋቋሙ» የሚል ሐሳብ ያለበት ነገር «እስኪቋቋሙ ድረስ» ማለት ነውና። ዳሩ ግን ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እርግጥ ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ጨርሶ አልተወውም፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 322 በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በደቡብ ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም አድርጓል። (ያን ጊዜ ደቡብ ይባል የነበረው ክልል በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ከተለየ ጀምሮ እየተከፈለ ሄዶ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ ክልል የለም።) ይህም ዐዋጅ ቢሆን የነካው ላይኛውን እርከን ነው። የታችኛው እርከን፣ ማለት የመጀመሪያ ደረጃው፣ በክልሎቹ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች እጅ እንዳለ ቀርቷል። በእርቦ የተያዘ መሬት ውሎ አድሮ ርስት ሆነ እንደ ማለት ነው።

የፌዴራል ጉዳይ የሚባለው ምን ምን ነው? ሕገ መንግሥቱ ዝርዝሩን አይሰጥም። ዝርዝሩን የሰጠው የ1988 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 25 ነው፤ እርሱንም በ2013 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1234 ተክቶታል፤ መሠረቱን ግን አልለወጠውም። የወንጀሉን በኩል ልተወውና በፍትሐ ብሔሩ በኩል የ1988ቱ ዐዋጅ የዘረዘራቸው፣ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ተከራካሪ የሆነበት ክስ፣ የፌዴራል ሹማምንትና ሠራተኞች በሥራቸው ምክንያት የሚጠየቁበት፣ የውጭ አገር ዜጋ ያለበት፣ የዜግነት ጥያቄ፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤት የተመዘገበ የንግድ ማኅበር ነገር፣ የሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶች፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የፈጠራና የድርሰት መብት፣ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው አካሉ ነጻ እንዲወጣ የሚያቀርበው አቤቱታ፣ በመጨረሻም በተለያዩ ክልሎች ነዋሪ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚነሳ ክርክር ናቸው።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግን ያነበበ ተማሪ ይህን ዝርዝር ሲያይ የድሮ ወዳጁን ያገኘ ያህል ይሰማዋል። የዚያ ሕግ አንቀጽ 15 የገንዘቡ ልክ ሳይታይ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚቀርቡትን ነገሮች ሲቆጥር፣ ኢንሹራንስንና የገንዘብ ሰነዶችን፣ የንግድ ምልክትንና የድርሰት መብትን፣ ዜግነትን፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ኃላፊነትና የአካል ነጻነትን አቤቱታ አስቀድሞ አስፍሯቸው ነበር። እነዚህ ነገሮች በዓይነታቸው ጥልቅ የሕግ ዕውቀት የሚጠይቁ ስለሆኑ በላይኛው እርከን ቢጀመሩ ማንም አይደነቅም። በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ ፍጹም እንግዳ የሆነው የመጨረሻው ነው፤ የነዋሪነቱ ነገር። ይኼ ስለ ነገሩ ዓይነት ምንም አይናገርም። የበግ ዋጋም ሊሆን ይችላል፣ የቤት ኪራይም ሊሆን ይችላል። የሚናገረው ስለ ሰዎቹ አገር ብቻ ነው።

በድሮው ሕግ ሥልጣን የሚከፋፈለው በገንዘቡ ልክና በነገሩ ዓይነት ነበር። ለምሳሌ የአውራጃ ግዛት ፍርድ ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት በሌለበት ክርክር እስከ 5,000 ብር፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር እስከ 10,000 ብር የሚደርሰውን ይዳኝ ነበር፤ አነስተኛው ለወረዳ ግዛት፣ ትልቁ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ተከራካሪዎቹ የየት ሰዎች ናቸው የሚለው ጥያቄ የሚነሳው የት ቦታ ይካሰሱ ለማለት እንጂ በየትኛው እርከን ይካሰሱ ለማለት አልነበረም። ቦታውንም አንቀጽ 19 ይመራዋል፤ ተከሳሽ ከሚኖርበት ወይም ከሚሠራበት። ውል ከሆነ በአንቀጽ 24 ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ መክሰስም ይቻላል። ይህን ስል የድሮውን ፍርድ ቤት ለማወደስ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር ዐዋጅ ባቋቋመው ሥርዓት የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ራሱ በችሎት ይሰየም እንደ ነበረ ስለምናውቅ፣ ያን ዘመን የሚናፍቅ የሕግ ተማሪ አይኖርም። የምለው፣ ቦታና እርከን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ ነበሩና ዛሬ የተቀላቀሉ መሆናቸውን ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ሰዎቹ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ መንገዱ ግን ሁላችንም የምናውቀው የጎጃም መንገድ ነው። የደጀን የእህል ነጋዴ ለአንዲት የጎሐ ጽዮን ምግብ ቤት ባለቤት አምስት ኩንታል ጤፍ በዱቤ ሰጠ እንበል፤ ዕዳው 60,000 ብር ነው። ሴትዮዋ በቀኑ አልከፈለችም። ደጀን በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ ናት፤ ጎሐ ጽዮን በኦሮሚያ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ናት። በመካከላቸው የዓባይ በረሃ አለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጋዴው ይህንኑ ጤፍ ለብቸና ሰው ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ የክልል ጉዳይ ሆኖ በወረዳ ፍርድ ቤት ያልቅ ነበር። ጎሐ ጽዮን ያለችበት ወረዳም የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ የሁለት ክልል ነዋሪዎች ስለሆኑ ጉዳዩ ፌዴራል ነው፤ ፌዴራል ስለሆነም ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ተከሳሽዋን በአገርዋ ልክሰስ ቢል፣ በረሃውን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወጥቶ፣ ጎሐ ጽዮንን በመስኮት እያየ አልፎ ፍቼ ድረስ ሌላ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ውሉ በተደረገበት በደጀን በኩል ልክሰስ ቢል ደግሞ ሁለቱም ደብረ ማርቆስ ይወጣሉ፤ እርስዋም የደጀንን ወረዳ ፍርድ ቤት አልፋ ማለት ነው። ቀጠሮ በአንድ ቀን አያልቅም። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተመላልሶ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ ገበያውን ዘግቶ፣ ምስክር አጓጉዞ የተገኘ 60,000 ብር መጨረሻው ስንት እንደሚሆን ነጋዴው ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ብዙው ሰው ይተወዋል። የተወ ሰው ደግሞ በማናቸውም መዝገብ አይቆጠርም።

አሁን የደንቡን ምክንያት እንጠይቅ። የሁለት ክልል ሰዎች ክርክር ለምን ፌዴራል ሆነ? ትምህርታችን የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የአንዱ ክልል ዳኛ ለአገሩ ልጅ ያደላ ይሆናል ተብሎ ስለሚፈራ፣ የማንም ወገን ያልሆነ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ልተወው፤ በብዙ አገር የታወቀ ፍርሃት ነው። እንግዲህ ፍርሃቱን እንቀበል። የፈራነውን ዳኛ ሽሽት ነገሩን የፌዴራል ብለን ከሰየምነው በኋላ ወዴት ሰደድነው? ወደዚያው ዳኛ። ፍቼ ላይ የሚሰየመው ዳኛ በኦሮሚያ ምክር ቤት የተሾመ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚሰየመው በአማራ ምክር ቤት የተሾመ ነው። ደመወዙ ከክልሉ፣ ዕድገቱም ቅጣቱም በክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ እጅ ነው። ካባው ሁለት ነው ብንል እንኳ ለባሹ አንድ ነው። ስለዚህ ከደንቡ የሚጠበቀው ጥቅም በውክልናው ምክንያት ጠፍቶ፣ የቀረው ወጪው ብቻ ነው፤ ያ በመስኮት ታይቶ የታለፈው ፍርድ ቤት።

በድሮ ጊዜ ሁለት መንገደኞች ቢጣሉ ሦስተኛውን መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው ያስዳኙት እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይነግሩናል። የመንገድ ዳኛ ሁለት ነገር ነበረው፤ አላፊ አግዳሚ ስለሆነ የማንም ወገን አይደለም፣ ደግሞም እዚያው ነው። የዛሬው ደንብ በዓባይ ድልድይ ላይ ለሚጣሉ ሁለት ነጋዴዎች ከሁለቱ አንዱንም አይሰጣቸውም።

ለዚህ ትችት የሚሰጥ መልስ መኖሩን አውቃለሁ፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ይህን ጉድለት ያየው ይመስላል። በአንቀጽ 81 መሠረት የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች ከመሾማቸው በፊት የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በዕጩዎቹ ላይ የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት ጠይቆ ከራሱ ሐሳብ ጋር ለክልሉ ምክር ቤት እንዲያቀርብ ታዝዟል። ለወረዳ ዳኞች እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም። እንግዲህ ውክልናው ለምን በከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረጃ እንዲቆም ተደረገ ለሚለው ጥያቄ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ የፌዴራል ዐይን ያረፈበት ዳኛ የፌዴራል ነገር ይይ ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አስተያየት አስተያየት ነው እንጂ ሹመት አይደለም። ደግሞም ያው አንቀጽ የፌዴራሉ ጉባኤ በሦስት ወር ውስጥ አስተያየቱን ካልሰጠ ምክር ቤቱ ሹመቱን ሊያጸድቅ ይችላል ይላል። ዳኛው ከተሾመ በኋላ ስላለው ኑሮም የሚናገረው የለም። የማድላት ፈተና የሚመጣው በሹመት ዕለት አይደለም፤ ከሹመት በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፣ ጎረቤቱና የልጆቹ መምህር በችሎቱ ፊት ሲቆሙ።

ይህ ደንብ ከሌላ አገር የታወቀ ዘመድ ስላለው ከዚያ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በአሜሪካ የተለያዩ ስቴቶች ዜጎች ሲካሰሱ ነገሩን የፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲያየው ሕገ መንግሥታቸው ይፈቅዳል፤ ምክንያቱም ያው የአድልዎ ፍርሃት ነው። ዳሩ ግን አሜሪካኖች ከደንቡ ጋር ሦስት ነገር አብረው አኑረዋል። አንደኛ፣ ጉዳዩን የሚያየው በፕሬዚዳንቱ የተሾመና ከሥራው በቀላሉ የማይነሳ እውነተኛ የፌዴራል ዳኛ ነው። ሁለተኛ፣ የገንዘብ ወለል አለው፤ በ1789 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍርድ ቤቶች ሕግ 500 ዶላር ላይ ጀመረው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሕግ ወዲህ ክርክሩ ከ75,000 ዶላር በላይ ካልሆነ በዚህ ምክንያት የፌዴራል ደጅ አይከፈትም። ሦስተኛ፣ ግዴታ አይደለም፤ ከሳሽ ከፈለገ በስቴቱ ፍርድ ቤት ይከሳል፣ አድልዎ የፈራ ተከሳሽ ደግሞ ሕጉ በፈቀደው ልክ ነገሩ ወደ ፌዴራሉ እንዲዛወርለት ይጠይቃል። እኛ ስሙን ወስደን ሦስቱንም ትተናል። የእኛ ዳኛ የክልል ዳኛ ነው፤ ወለል የለንም፣ ለአንድ ፍየልም ቢሆን ፌዴራል ነው፤ ምርጫም የለም። እርግጥ እነርሱም ስለዚህ ደንብ ጥቅምና ጉዳት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እነርሱ የሚከራከሩት ግን ገለልተኛ ዳኛ ይዘው ነው።

ሌላው ችግር የነዋሪነት ትርጉም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መኖሪያንና ቋሚ መኖሪያን ለይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ መኖሪያ ሰው ዘወትር የሚኖርበት ቦታ ነው፤ ቋሚ መኖሪያ ግን የሥራውና የጥቅሙ ዋና ሥፍራ ሆኖ ለዘለቄታው ሊኖርበት ያሰበው ነው። ልዩነቱ በመጽሐፍ ላይ ያምራል። በኑሮ ላይ ግን፣ የከባድ መኪና ሾፌር የየት ነዋሪ ነው? ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛስ? ሚስቱና እርሻው በአንድ ክልል፣ ሱቁ በሌላ ክልል የሆነ ነጋዴስ? ከሁለቱ በአንዱ ክልል ነዋሪ ነው ከተባለ ጉዳዩ የወረዳ፣ በሌላው ከተባለ የከፍተኛ ይሆናል። ያውም እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ቅጣት የለውም። የቦታ ሥልጣን ስህተት ተከራካሪው በወቅቱ ካልተቃወመው ያልፋል፤ የሥረ ነገር ሥልጣን ስህተት ግን በሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 9 መሠረት ማንም ባይቃወም፣ ፍርድ ቤቱ ባወቀ ጊዜ ነገሩን እንዲያቆም ያስገድደዋል። እንግዲህ ሊረታ የቀረበ ተከሳሽ ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ የአንዲት ቀበሌ መታወቂያ ከኪሱ አውጥቶ «እኔ የወዲያኛው ክልል ነዋሪ ነኝ» ቢል፣ የተደከመበት መዝገብ ሊፈርስ ይችላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በተከራካሪ እጅ መተው፣ ለብልጣ ብልጡ ወገን መፍረድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ይግባኙ ባጭሩ እናገራለሁ። በውክልና የተሰጠ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርድ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ጠቅላዩ በፌዴራል ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ደግሞ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ፍቼ ላይ በኦሮምኛ የተጀመረ መዝገብ አዲስ አበባ ሲደርስ በአማርኛ ሊነበብ ስለሚገባው መተርጎም አለበት፤ ትርጉም ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል፣ የምስክርን ቃል ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ያጎድላል። የ1988ቱ ዐዋጅ ከ500,000 ብር በላይ የሆነውን ክስ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ስለ ነበር፣ በውክልናው ምክንያት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ ጀማሪ ፍርድ ቤት ቁጭ ብሎ ምስክር ይሰማ ነበር። የ2013ቱ ዐዋጅ ወለሉን ወደ 10,000,000 ብር ከፍ ስላደረገው ይህ ሸክም ከጠቅላዩ ላይ ቀልሏል፤ የቀለለው ግን ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የወረደው። ይኸው ፍርድ ቤት የክልሉን ከባድ ወንጀልና ትልልቅ የፍትሐ ብሔር ነገር፣ ከወረዳ የሚመጣውን ይግባኝ፣ በላዩም የፌዴራሉን ሥራ ይሠራል።

ሥራ የጨመረ ደመወዝ ይጨምር የሚለውን ሕገ መንግሥቱ አልዘነጋውም። በአንቀጽ 79 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉን ዳኝነት ደርበው ለሚሠሩ የክልል ፍርድ ቤቶች የማካካሻ በጀት እንዲመድብ ታዝዟል። ሒሳቡ በምን ይሰላል? በመዝገብ ብዛት ነው? በዳኛ ቁጥር ነው? በችሎት ቀን ነው? አንቀጹ አይናገርም። የማይሰላ ዕዳ ደግሞ ለመክፈልም ለመጠየቅም አይመችም። በበኩሌ እያንዳንዱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የውክልናውን መዝገብ ከክልሉ መዝገብ ለይቶ ቢቆጥርና ማካካሻው በዚያ ቁጥር ቢሰላ፣ ክልሎቹ የሚጠይቁትን ያውቃሉ፣ ፌዴራሉም የሚከፍልበትን ያውቃል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ከዚህ ሁሉ አንድ መደምደሚያ ያወጣሉ፤ ውክልናው ይቅርና የፌዴራል ፍርድ ቤት በየክልሉ ይቋቋም ይላሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። በአንድ ዞን ከተማ ጎን ለጎን ሁለት ፍርድ ቤት፣ ሁለት መዝገብ ቤት፣ ሁለት የዳኞች ደመወዝ ማቆም የማያስችል ድህነት አለብን። ደግሞም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቅ ነገር በየቀኑ አይገኝም። ይልቁንም የፌዴራል ፍርድ ቤት በፍቼ ቢቆም የደጀኑ ነጋዴ መንገድ በአንድ ክንድ አያጥርም። ገለልተኛ ዳኛ ያገኝ ይሆናል፤ ወረዳውን ግን አሁንም አልፎት ይሄዳል።

መድኃኒቱ ያለው ከዚህ ዝቅ ባለ ቦታ ነው። ከላይ እንዳልኩት የነዋሪነቱን ደንብ ያመጣው ሕገ መንግሥቱ አይደለም፤ ዐዋጅ ነው። ዐዋጅ በተራ ድምፅ ይሻሻላል። ስለዚህ የተለያዩ ክልሎች ነዋሪዎች የሚካሰሱበት ነገር፣ ሌላ ፌዴራል የሚያሰኝ ምክንያት ከሌለበትና ገንዘቡ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ፣ የክልል ጉዳይ ተብሎ በወረዳ ፍርድ ቤት እንዲታይ ቢደረግ ምንም የሕገ መንግሥት አንቀጽ አይነካም። ቦታውን የ1958ቱ ሕግ አንቀጽ 19ና 24 ከድሮ ጀምሮ ይመሩታል። ልኩ ስንት ይሁን የሚለው ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ሆኖም የአንድ ትንሽ ነጋዴ የዱቤ ሽያጭ በሙሉ ከልኩ በታች መውደቅ አለበት። ከልኩ በላይ ላለው ደግሞ ውክልናው እንዳለ ሆኖ፣ አድልዎ ፈራሁ የሚል ተከራካሪ ክርክሩ ሳይጀመር ምክንያቱን አስረድቶ ጉዳዩ ፌዴራል ዳኛ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ድሬዳዋ እንዲዛወርለት እንዲያመለክት ቢፈቀድለት፣ ገለልተኛ ዳኛ የሚፈልግ ሰው የመንገዱን ዋጋ ራሱ አመዛዝኖ ይመርጣል። ዛሬ መንገዱ በግድ ነው፣ ገለልተኛነቱ ግን የለም።

አንድ መምህር ይህን ሐሳብ ስነግራቸው «ታዲያ የወረዳው ዳኛ አያዳላም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ያዳላ ይሆናል። ነገር ግን የወረዳው ዳኛ ቢያዳላ ይግባኙ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ዛሬ ነገሩ የሚጀመርበት ዳኛ ያን ጊዜ የይግባኝ ዳኛ ሆኖ ይገኛል። የፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየት የሰጠበት ዳኛ ለማረም ቢቀመጥ ለመጀመር ከሚቀመጥ ይልቅ የተሻለ ቦታው ይመስለኛል። ፍቼ ወይም ደብረ ማርቆስ የሚሄደውም በወረዳው ፍርድ ቅር ያለው ወገን ብቻ ይሆናል።

የባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ክርክር በዚህ ሐሳብ አይነካም። እነርሱ ፌዴራል የሆኑት በነገሩ ዓይነትና በተመዘገቡበት መሥሪያ ቤት ምክንያት ስለሆነ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይቆያሉ፤ ነገረ ፈጅም የመንገድ አበልም አላቸው። ደንቡ ሲሻሻልም የተጀመሩት መዝገቦች በተጀመሩበት ፍርድ ቤት እንዲያልቁ በዐዋጁ መጨረሻ በግልጽ መጻፍ ይገባል፤ አለዚያ ሊረቱ የቀረቡት ሁሉ መዝገባቸው ይዘጋ ብለው በማግስቱ ይሰለፋሉ።